ምጣድ፣ ቮልትና አምፔር፦ ከጥገና ጠረጴዛዬ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ላይ ምጣድ፣ ስቶቭ፣ ውሃ ማፍያ፣ አልፎ አልፎም የወፍጮ ዲናሞ እጠግናለሁ። በሬ ላይ ቆመው "ምጣዴ ደከመ" ከሚሉኝ ሰዎች ብዙዎቹ የሚያስፈልጋቸው ጥገና ሳይሆን ሒሳብ ነው። ቮልቱንና አምፔሩን ለክቼ አንድ ጊዜ ሳካፍል፣ አንድ ጊዜ ሳባዛ ምጣዱ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል፤ የታመመው ከግድግዳው የሚመጣው ነው። ደጋግሜ የምመልሳቸውን ከዚህ በታች ጻፍኳቸው። የስልካችሁ ካልኩሌተር ይበቃል።

ቮልት፣ አምፔር፣ ኦምና ዋት የትኛው ምንድን ነው?

ቮልት ግፊቱ ነው። በአገራችን ለቤት የሚመጣው 220 ነው፣ ቢያንስ በወረቀት ላይ። አምፔር በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት ነው። እናቶቻችን መብራቱን በጠቅላላ "ኮረንቲ" የሚሉት ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ይኸው ፍሰት ነው፤ ስለዚህ "ኮረንቲ ያዘው" የሚል ሰው ከሳይንሱ አልራቀም። ኦም ሽቦው ፍሰቱን ምን ያህል እንደሚያስቸግረው የሚለካበት ነው። ዋት ደግሞ ዕቃው በየሰከንዱ የሚበላው ኃይል ነው፤ ምጣድ ላይ ሲሆን ሙቀት ማለት ነው።

አንድ ቃል ላይ እንግባባ። በእኛ ገበያ "ሬዚስታንስ ስጠኝ" ያለ ሰው የሚፈልገው ጥምዝምዙን ሽቦ ራሱን ነው፤ መጽሐፉ ላይ ግን ሬዚስታንስ ማለት ልኩ ነው። እንዳንምታታ ዕቃውን "የሬዚስታንስ ሽቦ"፣ ልኩን "ኦም" እያልኩ እሄዳለሁ።

ሒሳቡ እንዴት ነው?

ሁለት መስመር ነው፦

ቮልት ÷ አምፔር = ኦም
ቮልት × አምፔር = ዋት

የመጀመሪያው ጌኦርግ ኦም የሚባል ጀርመናዊ መምህር በ1827 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሕግ ነው። አሁን ወደ ምጣዱ። አንዲት እትዬ ያመጡትን ምጣድ ሰካሁና ለካሁት፤ ቮልቱ 220፣ አምፔሩ 16 ሆነ። 220 ÷ 16 = 13.75 ኦም። 220 × 16 = 3520 ዋት፣ ማለትም ሦስት ኪሎዋት ተኩል። ይህን ምጣድ አስታውሱት፤ እስከ መጨረሻው ድረስ እሱን ነው የምንጠቀመው።

ከሁለቱ መስመሮች ሌሎች ሁለት ይወለዳሉ፦

ቮልት × ቮልት ÷ ኦም = ዋት
አምፔር × አምፔር × ኦም = ዋት

የላይኛው ምጣዱ ማታ ለምን እንደማይሰማ ይነግራችኋል። የታችኛው ስፒናው ለምን እንደሚጠቁር።

ጠዋት ደህና የነበረ ምጣድ ማታ አይሰማም። ምኑ ተበላሸ?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህንን ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

የሬዚስታንስ ሽቦው ኦም ከጠዋት እስከ ማታ አይለወጥም። 13.75 ከሆነ 13.75 ነው። የሚለወጠው ቮልቱ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ከሥራ ገብቶ፣ አንዱ ስቶቭ፣ አንዱ ምጣድ፣ አንዱ ለብርዱ ማሞቂያ ሲሰካ ቮልቱ ይወርዳል። እኔ ቤት ማታ አንድ ሰዓት ላይ 180 አንብቤ አውቃለሁ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን እዩ። "ከ220 ወደ 180 ማለት 40 ቮልት ነው፤ ከመቶ 18 ገደማ ቢቀንስ ነው፤ ሙቀቱም ያንኑ ያህል ይቀንሳል" ይላሉ። አይደለም። ግፊቱ ሲቀንስ ፍሰቱም አብሮ ይቀንሳል፦ 180 ÷ 13.75 = 13.1 አምፔር። ዋቱ የሁለቱ ብዜት ስለሆነ ከሁለቱም በኩል ይጎዳል፦ 180 × 180 ÷ 13.75 = 2356 ዋት። 3520 የነበረው 2356 ሆነ። ከሙቀቱ አንድ ሦስተኛው የለም።

ለዚያው ምጣድ በየቮልቱ ሲሰላ፦ በ200 ቮልት 2909 ዋት፣ በ190 ቮልት 2625፣ በ180 ቮልት 2356፣ በ170 ቮልት 2102። 170 ላይ ስትደርሱ ሊጡን ከድናችሁ አስቀምጡት ባይ ነኝ።

ምጣዱ ሳይሰማ ሊጥ ሲፈስበት ምን እንደሚሆን ለጋጋሪ አይነገርም። ዐይን አያወጣም፤ ጠርዙ ሳይነሳ መሐሉ ይለጠፋል፤ ማሰሻውን ደጋግሞ ቢያሹት፣ ጎመን ዘር ቢያደርጉበት ለውጥ የለም። ከዚያ እርሾው ይወቀሳል፣ ጤፉ ይወቀሳል፣ በመጨረሻ ምጣዱ በጆንያ ተጠቅልሎ ወደ እኔ ይመጣል። እኔ ጋ ጠዋት ሲሰካ አክንባሎውን ለማንሳት እስኪያስቸግር ይግላል። ባለቤቷም "ምን አድርገህለት ነው?" ትለኛለች። ምንም።

እንዲህ ለዩት። መጀመሪያ ምጣዱን ሳትሰኩ ቮልቱን ለኩ። ቀጥሎ ምጣዱ በርቶ እያለ እዚያው መስመር ላይ፣ ሌላ ሶኬት ካለ በእሱ፣ ድጋሚ ለኩ። ሳይሰካም 185 ከነበረ ችግሩ ከመንገዱ መስመር ነው፤ እናንተ ቤት ውስጥ የሚጠገን ነገር የለም። ሳይሰካ 215 ሆኖ ምጣዱ ሲበራ ወደ 185 ከወረደ ግን ምጣዱን ትታችሁ ሽቦውን መርምሩ። 30 ቮልት መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ምጣዱ በ185 ቮልት የሚስበው 13.45 አምፔር ነው፤ 30 × 13.45 = 403 ዋት ግድግዳ ውስጥ ወይም ቆጣሪው ሥር የሆነ ቦታ እየጋለ ነው። 30 ÷ 13.45 = 2.2 ኦም፤ ይህን ያህል ኦም በጤነኛ የቤት ሽቦ ላይ አይገኝም። የላላ ብሎን ወይም የጠቆረ ሞርሰቶ (የሽቦ ማገናኛ) ፈልጉ፤ ብሬከሩን አውርዳችሁ።

ቴስተር (ቮልትና ኦም መለኪያ) ለሌለው ሰው አንድ ዘዴ አለኝ፤ ተማሪዎች ሲሰሙት ይስቃሉ። የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያችሁ ውስጥ አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አድርጉና ጠዋት እስኪፈላ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ያዙ። ማታ ያንኑ ድገሙ። እኛ ከፍታ ላይ ስለሆንን ውሃችን 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ጠዋትም ማታም እዚያው ስለሚፈላ ግን ንጽጽሩን አያበላሽም። ጠዋት 4 ደቂቃ፣ ማታ 6 ደቂቃ ከሆነ 4 ÷ 6 = 0.667፤ የዚህ ስኩዌር ሩት 0.816። የጠዋቱ 220 ከነበረ የማታው 220 × 0.816 = 180 ቮልት ገደማ ነው። ለሻይ ባፈላችሁት ውሃ ቮልት ለካችሁ።

ቮልቱ ሲቀንስ ቢያንስ ካርዴ አይቆጠብም?

በሰዓት የምትበሉት ይቀንሳል፤ ጋግራችሁ ለመጨረስ የምትበሉት አይቀንስም። ለምሳሌ 20 እንጀራ እያንዳንዱ 3 ደቂቃ ቢፈጅ አንድ ሰዓት ነው፦ 3.52 ኪሎዋት ሰዓት። ምጣዱ ደክሞ እያንዳንዱ 5 ደቂቃ ቢፈጅ 100 ደቂቃ ይሆናል፦ 2.356 × 100 ÷ 60 = 3.93። ካርዱም ሄደ፣ ወገብም ሄደ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሸክላው በርቶ በቆየ ቁጥር ሙቀቱን ለማድ ቤቱ አየር ይሰጣል።

የሬዚስታንስ ሽቦው ተበጥሷል። የተቃጠለውን ቆርጬ ላገናኘው?

ሥራ ስጀምር እኔም አድርጌዋለሁ። ከሸክላው ሥር ከቦዩ ውስጥ የተቃጠለውን፣ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ የሚሆነውን ቆርጬ ጫፍና ጫፉን በፒንሳ ጠመዘዝኩት። ባለቤቷ በጣም ተደሰቱ፤ "እንዲህ ሰምቶ አያውቅም" ብለው ከሒሳቡ ላይ ጨመሩልኝ። በሳምንቱ ተመለሱ። ስፒናውን በፌስታል ይዘውታል። አንደኛው እግሩ ሶኬቱ ውስጥ ቀርቷል፤ ሌላው እንደ ተጠበሰ ቡና ቡናማ ሆኗል፤ ፕላስቲኩ ወደ ጎን ቀልጦ ፈስሶ ደርቋል፤ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታው ከሱቁ ሁለት ቀን አልወጣም።

ሒሳቡን ያኔ ብሠራው ኖሮ እፈራ ነበር። ሽቦ ሲያጥር ኦሙ በዚያው ልክ ይቀንሳል፦ 13.75 የነበረው 12.38። አምፔሩ 220 ÷ 12.38 = 17.8። ዋቱ 3911። ለ16 አምፔር በተሠራ ስፒና ላይ፣ ሰዓት ሙሉ። ያስደሰታቸው ተጨማሪ ሙቀት ስፒናውን የበላው ያው ነው።

ከዚህ የባሰ ጥያቄም ይመጣል፦ "ማታ 180 ቮልት ነው ካልክ በ180 እንዲሰማ አድርገህ አሳጥርልኝ"። ይቻላል፤ 180 × 180 ÷ 3520 = 9.2 ኦም። ግን ሌሊት ሰፈሩ ሲተኛና ቮልቱ ወደ 220 ሲመለስ 220 ÷ 9.2 = 23.9 አምፔር፣ ወደ 5260 ዋት ይሆናል። ያን ምጣድ ንጋት ላይ የሰካ ሰው ቤቱን ነው የሚጋግረው። አልሠራም፤ ለዘመድም አልሠራም።

ትክክሉ በውፍረትም በርዝመትም ከድሮው ጋር እኩል የሆነ ሙሉ ሽቦ መቀየር ነው። ቀጭን ሽቦ ከገባ ኦሙ ይበዛና ምጣዱ ይደክማል፤ ወፍራም ከገባ እንደተቆረጠው ይሆናል። ጥምዝምዙን ስትዘረጉ እኩል ዘርጉት። አንድ ቦታ ላይ ተጠጋግቶ ከቀረ እንጀራው እዚያ ላይ ያራል፣ ሽቦውም በኋላ የሚበጠሰው እዚያው ነው።

ሶኬቱና ስፒናው ለምን ይጠቁራሉ? ሽቦው እኮ አልተነካም።

አምፔር × አምፔር × ኦም። ስፒናው ሶኬቱን በደንብ ካልነከሰ መገናኛው ላይ ግማሽ ኦም ተፈጠረ እንበል። ግማሽ ኦም ምንም አትመስልም። 16 × 16 × 0.5 = 128 ዋት። አውራ ጣት የምታክል ነገር ውስጥ ከድሮው ባለ 100 ዋት አምፖል የበለጠ ሙቀት ማለት ነው። ስልክ ቻርጀር ላይ ግን ያው የላላ ሶኬት ዓመት ይኖራል፤ አምፔሩ ኢምንት ነውና። ምጣድን በዲቫይደር አትስኩ የምለው ከዚህ የተነሳ ነው፤ የላላ መገናኛ ቁጥር መጨመር ነው።

ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ራቅ ይላል። ምን ዓይነት ሽቦ ልሳብ?

ከቆጣሪው እስከ ማድ ቤቱ 30 ሜትር ቢሆን ኮረንቲው ሄዶ ስለሚመለስ ሽቦው 60 ሜትር ነው። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ባለ 1.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር፣ የሽቦው ውፍረት ማለት ነው) የመዳብ ሽቦ በኪሎ ሜትር 12.1 ኦም ገደማ አለው፤ 60 ሜትሩ 0.73 ኦም። በ16 አምፔር 11.6 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ 186 ዋት ደግሞ ሽቦውን ያሞቃል። ባለ 2.5 ካሬ በኪሎ ሜትር 7.4 ኦም ነው፤ 60 ሜትሩ 0.44 ኦም፣ የሚቀረው 7 ቮልት። ባለ 4 ካሬ ብትስቡ ወደ 4.4 ቮልት ይወርዳል።

ለምጣድ ከ2.5 በታች አልስብም፤ ለ30 ሜትር አቅም ካለ 4። አሉሚኒየም ለዚያው ውፍረት ከመዳብ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ኦም ስላለው "ረከሰ" ተብሎ ሲሸጥላችሁ ሒሳቡን ድጋሚ ሥሩ። ደግሞም ከመዳብ ጋር በቀጥታ አትጠምዝዙት፤ መገናኛው ቶሎ ይበላሻል።

ምጣድ፣ ስቶቭና ውሃ ማፍያ አንድ ላይ ስሰካ ብሬከሩ ይወርዳል።

ሥራውን እየሠራ ነው። ምጣዱ 16 አምፔር። 1500 ዋት ስቶቭ 1500 ÷ 220 = 6.8። 1500 ዋት ማፍያ ሌላ 6.8። ድምሩ 29.6 አምፔር። ብሬከሩ ላይ 25 ከተጻፈ ይወርዳል፤ መውረድም አለበት። መፍትሔው ተራ መያዝ ነው። ብሬከሩን ብቻ በትልቅ ቀይሮ ሽቦውን እንዳለ መተው ጠባቂውን አባሮ በሩን ክፍት እንደ መተው ነው።

ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ አምፔር የሚለካው) የለኝም። አምፔሩን እንዴት ልወቅ?

ቆጣሪያችሁ መለኪያ ነው። ዲጂታል ቆጣሪ ላይ የምትበለጭ ቀይ ነጥብ አለች፤ አጠገቧ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበለጭ ተጽፏል። የእኔ ላይ 1000 ነው፤ የእናንተ 800 ወይም 1600 ሊሆን ይችላል፤ አንብቡት።

ሌላውን ሁሉ አጥፉ፤ ፍሪጁንም ንቀሉ። ምጣዱን ብቻ አብሩና 20 ብልጭታ በስንት ሰከንድ እንደሚያልቅ በስልክ ያዙ። 30 ሰከንድ ፈጀ እንበል፦

20 ÷ 30 × 3600 ÷ 1000 = 2.4 ኪሎዋት

በዚያ ሰዓት ቮልቱ 180 ከነበረ 2400 ÷ 180 = 13.3 አምፔር፤ 180 ÷ 13.3 = 13.5 ኦም። የእትዬን ምጣድ አወቃችሁት? 13.75 ነበር። በሰከንድ ቆጠራ እዚህ ድረስ መቅረብ ለእኔ ይበቃኛል።

ተራ ቴስተርን በአምፔር ላይ አድርጋችሁ ምጣድ ለመለካት ግን አትሞክሩ። ብዙዎቹ ከ10 አምፔር በላይ አይችሉም። ይልቁንም ገመዱ አምፔሩ ቀዳዳ ውስጥ እንደተሰካ ረስቶ ሶኬት ውስጥ ያስገባ ሰው ፌዝና ኑትራልን (የሶኬቱን ሁለት ሽቦዎች) በእጁ ያገናኛል። ሲፈነዳ አይቻለሁ፤ የቴስተሩ ጫፍ ግማሹ አልነበረም።

በቴስተር ኦሙን ስለካ ከስሌቱ ጋር አይገጥምም። ለምን?

መጀመሪያ ሁለቱን የቴስተር ጫፎች እርስ በርስ አገናኙ፤ የሚያሳየው 0.3 ከሆነ ከምታነቡት ላይ ቀንሱት። ኦም ስትለኩ ደግሞ ዕቃው ፍጹም የተነቀለ ይሁን።

ከዚያ በኋላ ምጣድና ስቶቭ ይገጥማሉ፤ የእነሱ ሽቦ ሲግል ኦሙ የሚጨምረው ጥቂት ብቻ ነው። የማይገጥመው የድሮው አምፖል ነው። ባለ 100 ዋቱ በስሌት 220 × 220 ÷ 100 = 484 ኦም ነው፤ በቴስተር ቀዝቅዞ ሲለካ ከ40 ብዙ አይርቅም። ውስጡ ያለው ሽቦ ነጭ እስኪሆን ሲግል ኦሙ ከአሥር እጥፍ በላይ ያድጋል። አምፖል ብዙ ጊዜ ሲያበሩት የሚቃጠለውም ለዚህ ነው፤ በዚያች ቅጽበት የሚገባው አምፔር ብዙ ነው። ኤልኢዲና ቻርጀርን ግን በኦም አትለኩ፤ የውስጣቸው አሠራር ሌላ ነው።

ባለ ሦስት ደረጃ ስቶቭ ውስጥ ሦስት ሽቦ አለ ማለት ነው?

ብዙ ጊዜ ሁለት ነው። እያንዳንዱ 48.4 ኦም፣ ብቻውን 1000 ዋት። ጎን ለጎን ሲገናኙ 24.2 ኦምና 2000 ዋት፤ በተከታታይ ሲገናኙ 96.8 ኦምና 500 ዋት። ማብሪያው የሚያደርገው ይህንን ብቻ ነው። ዝቅተኛው እምቢ ብሎ ሌላው ደረጃ ግን ከሠራ አንዱ ሽቦ ተበጥሷል።

ይህ ሒሳብ ለወፍጮና ለውሃ ፓምፕ ዲናሞም ይሠራል?

በከፊል። ቮልት × አምፔር ለዲናሞ ሲሆን በፓወር ፋክተር (ከሚስበው ውስጥ በእውነት ኃይል የሚሆነውን ድርሻ በሚናገር ቁጥር) ይባዛል፤ ቁጥሩ ብረቱ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይገኛል። ለባለ ሦስት ፌዝ ደግሞ በ1.73። 380 ቮልት፣ 20 አምፔር፣ ፓወር ፋክተሩ 0.85 የሆነ የወፍጮ ዲናሞ 1.73 × 380 × 20 × 0.85 = 11,200 ዋት ገደማ ይበላል። ብረቱ ላይ የተጻፈው ኪሎዋት ከዚህ ቢያንስ አትደንግጡ፤ እሱ ዘንጉ ላይ የሚወጣው ጉልበት ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኗል።

ትልቁ ልዩነት ግን ይህ ነው። ቮልት ሲወርድ ምጣድ አምፔሩን ይቀንሳል፤ ይደክማል እንጂ አይሞትም። እህል እየፈጨ ያለ ዲናሞ ግን ያንኑ ድንጋይ ለማዞር አምፔር ይጨምራል። 20 የነበረው 25 ቢሆን 25 × 25 = 625፣ 20 × 20 = 400፤ የጥቅልሉ ሙቀት ከግማሽ በላይ ጨመረ። ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ፣ አየሩ ራሱ ግሎ እያለ፣ ሽንኩርት የሚያጠጣ ፓምፕ ከሰዓት በኋላ ተቃጠለ ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው "ቮልቱ ስንት ነበር?" ነው። ቮልት ሲያንስ የሚቆርጥ መከላከያ ግዙ፤ ጥቅልል ከማስጠቅለል ይረክሳል።

መንዝ ላይ በሶላር ነው የምንኖረው፤ 12 ቮልት። ሒሳቡ ያው ነው?

ያው ነው፤ ሽቦው ላይ ግን ይከፋል። 60 ዋት ለማግኘት 60 ÷ 12 = 5 አምፔር ያስፈልጋል፤ በ220 ቢሆን 0.27 ይበቃ ነበር። ባትሪው ከቴሌቪዥኑ 10 ሜትር ከራቀ፣ ባለ 1.5 ካሬው ሽቦ ሄዶ ተመልሶ 0.24 ኦም ነው፤ 5 × 0.24 = 1.2 ቮልት ይቀራል። ከ220 ላይ 1.2 ማንም አይሰማውም። ከ12 ላይ ግን አንድ አሥረኛው ነው። ባትሪውን ወደ ዕቃው አስጠጉ፣ ወይም ሽቦውን አወፍሩ።

ምጣዱ ይነዝረኛል፤ ትንሽ ትንሽ ብቻ። ልተወው?

አይተውም። የደረቀ ቆዳ ብዙ ሺህ ኦም አለው፤ በሊጥና በውሃ የራሰ እጅ፣ በእርጥብ ወለል ላይ የቆመ ባዶ እግር ግን ወደ 1000 ኦም ሊወርድ ይችላል። 220 ÷ 1000 = 0.22 አምፔር። ሰው ለመጠበቅ የተሠራው መከላከያ ብሬከር የሚቆርጠው በ0.03 ነው። ዛሬ "ትንሽ" የነዘራችሁ እጃችሁ ስለደረቀ ሊሆን ይችላል።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የምጣዱ ብረት ከግራውንድ (ወደ መሬት ከሚወርደው ሽቦ) ጋር አለመታሰሩ ነው። ገመዱ ሦስት ሽቦ ይዞ ይመጣና አንድ ሰው ሦስተኛውን፣ ባለ አረንጓዴና ቢጫውን፣ "ትርፍ ነው" ብሎ ይቆርጠዋል። ንቀሉትና እስኪታሰር ድረስ በጎረቤት ምጣድ ጋግሩ። ቤቱ ራሱ የግራውንድ ዘንግ ከሌለው ግን ሦስተኛውን ሽቦ ማሰር ብቻውን አይረዳም፤ ኤሌክትሪሻን ጠርታችሁ አስቀብሩ።

ለጥገና ሳመጣ ምን ይዤ ልምጣ?

ከተቻለ ሦስት ቁጥር፦ ሳይሰካ ስንት ቮልት፣ ተሰክቶ ስንት ቮልት፣ 20 ብልጭታ በስንት ሰከንድ። ያ ከሌለ ምጣዱ በየትኛው ሰዓት እንደሚደክም። እና እባካችሁ ስፒናውን ከነገመዱ አምጡት፤ ቆርጣችሁ ቤት አትተዉት። እኔ ምጣዱን ከመገልበጤ በፊት የማየው የስፒናውን እግር ነው።